ለስምንተኛው ዓመት የተገዛ ማጠፊያ

ጥቅምት 6

ለእታለም፣ ለጩጬዬ፦

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። «እንደምን አለሽ» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ዛሬ ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላስብበት ስጽፈው ኖሬያለሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ። እንደምን አለሽ? ልጅሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ተማሪዎቼ ያናድዱኛል፣ ሌላው እንደነበረው ነው።

አብረሽ የላክሽልኝን የሐኪሙን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን ጊዜ ያነበብኩት የእጅ ጽሑፉ ስለማይነበብ ነው። ምላስና ጉሮሮን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ እንደሆነ፣ ድምፅሽም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ ተረድቻለሁ። «ቀስ በቀስ» ስንት ወር እንደሆነ ግን አልጻፈም። እኔ ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሲያመጣልኝ ወረቀቱን ነው የምመልስለት።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። የንግግር ባለሙያዋ የነገረችሽን ፕሮግራም አገኘሁት። በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚሠራውም እንደ እሱ ክፍት በሆነ ሲስተም ላይ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓረፍተ ነገር በራስሽ ድምፅ እያነበብሽ ትቀርጪበታለሽ። ድምፅሽ ከሄደ በኋላ አንቺ ስትጽፊ እሱ በአንቺ ድምፅ ይናገራል። እስከዚህ ድረስ የሚያናድድ ነገር አላገኘሁበትም፤ ይህ ለእኔ ብርቅ ነው።

የሚያናድደው ላፕቶፑ ነው። እሷ ያዘዘችልሽን ግራጫውን ስስ ከባልደረባዬ ተውሼ ወርክሾፕ ውስጥ ከፈትኩት። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር ተበይዷል። አንዲት የኪቦርድ ቁልፍ ብትሰበር የላይኛውን ግማሽ በሙሉ መቀየር ነው። ይህን የሠራው ሰው መሐንዲስ አይደለም፤ የሬሳ ሣጥን አናጢ ነው።

ሌላ አግኝቼልሻለሁ። ሰባት ብሎን ብቻ ነው ያለው፤ በአንድ ካቻቢቴ ሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም ይተካል። ችግሩ ክፍቱ ሶፍትዌር የድምፅ ክፍሉን ገና በደንብ አለማወቁ ነው። ማይክሮፎኑ ይንጫጫል፤ ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ ይቀራል። ለበጎ ፈቃደኞቹ ጽፌያለሁ። ይስተካከላል።

ስልክ ለምን አታነሺም? አራት ጊዜ ደወልኩ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ጋሼ ብሎን፦

አትቆጣ። ስሙን ያወጡልህ ተማሪዎችህ ናቸው፤ እኔ ያጸደቅኩት ብቻ ነው።

ልጄ ደህና ናት። ቁመቷ አልፎኛል፤ አሁን ስትገሥጸኝ ከላይ ወደ ታች ነው። ጉልበትህን በሙቅ ውኃ ያዘው፣ ደረጃም አታብዛ። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ስልክ ባለማንሳቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ባለፈው ሰኞ ለባለሱቁ ደውዬ ዳቦና ሳሙና ላክልኝ ስለው «እመቤቴ፣ ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሎዎታል» አለኝ። ስቄ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ያልታጠበ ሳህን ትዝ ይለኝና ወደ ወጥ ቤት እሄዳለሁ። በአንተ ጆሮ እንደዚያ መሰማት አልፈልግም። ጻፍልኝ። እጄ እንደምታየው ደህና ነው።

ላፕቶፑን በተመለከተ ግራጫው ይበቃኛል። ባለሙያዋ በእሱ ሦስት ሰዎች አስቀርጻለች። ሲከፍቱት ይከፈታል፣ ሲያናግሩት ይሰማል፣ ተኝቶ ሲነቃም ድምፁ አብሮት ይነቃል። አንተ አካሉ የሚጠገን ነው የምትፈልገው፤ እኔ የምፈልገው አፉ የሚሠራ ነው። ባትሪው ተጣበቀም አልተጣበቀም ለሚያስፈልገኝ ጊዜ ያገለግላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለሙያዋ የራሷን ግራጫ ላፕቶፕ ሐሙስ ሐሙስ ልታውሰኝ ትችላለች። «ያንቺ እስኪመጣ ቀረጻውን ከአሁኑ እንጀምረው» ትለኛለች። ምን ትላለህ? ዓረፍተ ነገሮቹን አይቻቸዋለሁ። «ዝናቡ ቆሟል፣ ልብሱን አውጡት» ይላል አንዱ። «አጎቴ ሁለት ባልዲ ገዛ» ይላል ሌላው። ሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ቃል ጽሕፈት ሳነብ ኖሬ አሁን ደግሞ ለማሽን ላነብለት ነው። ቢያንስ እሱ ከጓደኛው አይኮርጅም።

እህትህ


ኅዳር 8

ለጩጬዬ፦

የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም። ከበጎ ፈቃደኞቹ መልስ ስጠብቅ ነው።

የባለሱቁን ስምና ስልክ ላኪልኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነው የምነግረው።

አሁን ስለ ጥያቄሽ። በተዋስሽው ማሽን አትጀምሪ። ምክንያቱን በትክክል ልጻፍልሽ። ቀረጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ ክፍል መሆን አለበት። ግማሹን በእሷ ቢሮ በእሷ ማሽን፣ ግማሹን ቤትሽ በሌላ ማሽን ብትቀርጪ ፕሮግራሙ ሁለቱን ይሰፋቸዋል፤ ስፌቱም ይሰማል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ከአንድ ክፍል ወጥተሽ ሌላ ክፍል የገባሽ ትመስያለሽ። በዚህ ድምፅ ሃያ ዓመት ልታወሪበት ነው። ተቀጣጥሎ የተሰፋ ድምፅ ይዘሽ ሃያ ዓመት እንድትኖሪ አልፈቅድም። ጠብቂኝ።

ማይክሮፎን ከውጭ ቢሰካበትስ ትዪኝ ይሆናል፤ አስቤበታለሁ። መንጫጫቱን ያድናል። ክዳኑ ሲከፈት ድምፁ መጥፋቱን ግን አያድንም፤ ሱቅ ቆመሽ ዳቦ ልትጠይቂ ስትከፍቺው ዲዳ ሆኖ ቢጠብቅሽስ?

ግትር ነህ እንዳትዪኝ ሁለቱንም በወረቀት ላይ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። ግራጫው በሶፍትዌር ዘጠኝ፣ በጥገና አንድ። የእኔው በጥገና ዘጠኝ፣ በሶፍትዌር አምስት። ድምር ብታዪ የእኔው ይበልጣል። ድምሩን ተዪውና ነገሩን እዪው፤ የተበላሸ ሶፍትዌር በደብዳቤ ይስተካከላል፣ የተበየደ ሜሞሪ በጸሎትም አይስተካከልም። በጎ ፈቃደኞቹ እንደ ሰው ይመልሳሉ። አንዱ «የድምፁ ክፍል በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» ብሎ ጽፎልኛል። የግራጫው አምራች ግን ለሁለት ደብዳቤዬ የመለሰልኝ የማስታወቂያ ወረቀት ነው።

«ለሚያስፈልገኝ ጊዜ» የምትዪው ምን ማለት ነው? አርባ አምስት ዓመትሽ ነው። ሰው ያለ ድምፅ እስከ እርጅናው ይኖራል። የሚያስፈልግሽን ጊዜ እኔ አስልቼዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ጋሼ፦

እሺ። አልጀምርም። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ያኔም «ሀ»ን ሳላስተካክል ወደ «ለ» አታሻግረኝም ነበር። ሦስት ቀን አንድ ፊደል ላይ አስቀምጠኸኝ እማማ «ልጄን ታደነዝዝብኛለህ» ብላ የተቆጣችህ ትዝ ይልሃል?

ዓርብ ዕለት ከክፍል ወጣሁ። ማንም አላስወጣኝም፤ ራሴ ነኝ። እንደ ልማዴ ቃል ጽሕፈት ልሰጣቸው መጽሐፌን ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ደገምኩት። እርሳሳቸውን እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ። ከእነሱ መካከል አንዱም አልሳቀም፤ ብትጠይቀኝ መሳቁ ይሻለኝ ነበር። አሥሩንም ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸውና ወረቀት ሰብስቡ አልኩ በእጄ። አርባውም ባዶ ወረቀት አስረከቡኝ። ለአርባውም አሥር ከአሥር ሰጠሁ።

ርዕሰ መምህሩ ጥሩ ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወንበር ሰጥቶኛል። እዚያ ዝም ማለት ደንብ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ።

ስለ ሃያው ዓመት የጻፍከውን ለልጄ አነበብኩላት ማለት ፈልጌ ነበር፤ አላነበብኩላትም። ለብቻዬ ይዤዋለሁ።

ባለሱቁን ተወው። ባልዲ ሙሉ ሳሙና በነፃ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል።

እህትህ


ጥር 3

ለጩጬዬ፦

ስለ ክፍልሽ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን መልስ መጻፍ አቃተኝ። አሁንም ስለ እሱ አልጽፍም። ምን እንደምል አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልናገርም።

የማውቀውን ልጻፍ። ላፕቶፑ መጥቷል። ወርክሾፔ ውስጥ፣ የራሴ ጠረጴዛ ላይ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ሰባቱንም ብሎን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ጥሩ እጅ የሠራው ነው። ውስጡ እያንዳንዱ ነገር ስሙ ተጽፎበታል፤ ማንም ሰው እንዲያስተካክለው ፈልገው የሠሩት ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው።

ድምፁ ግን ገና ነው። አዲሱ እትም ለታኅሣሥ ተብሎ ለጥር፣ ለጥር ተብሎ ለየካቲት ተላልፏል። የሚያስተካክለው ሰው ከሥራው ሲመለስ ያለ ክፍያ ስለሆነ የሚሠራው ልቆጣው አልችልም። መቆጣት የማልችለው ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ በጣም ነው የምቆጣው። ግማሽ ሥራ ግን አልልክልሽም። ሲሠራ ይመጣል።

እስከዚያው መለዋወጫዎቹን በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ኋላ አምራቹ ሐሳቡን ቢቀይር እንዳንቸገር ከአሁኑ ገዛኋቸው። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ማራገቢያው ለሦስተኛው ዓመት ነው፤ አቧራ እስከዚያ ይጨርሰዋል። ኪቦርዱ ለአምስተኛው። የክዳኑ ማጠፊያ ለስምንተኛው። ባትሪ አልገዛሁም፤ ተቀምጦ የሚያረጅ ነገር ስለሆነ በአራተኛው ዓመት ትኩሱን እገዛለሁ። በየጊዜው እኔ መጥቼ እቀይርልሻለሁ። ልጅሽም እንድትማር ከጎኔ ትቀመጣለች።

ከአዲስ ዓመት ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ አንሺ። እንደፈለግሽ ተኮላተፊ፤ እኔ ስትኮላተፊ ነው ያሳደግኩሽ።

ወንድምሽ


ጥር 22

ጋሼዬ፦

እሽጉ ደረሰ። የፖስታ ቤቱ ሰው አስፈርሞ ሰጥቶኝ እስኪርቅ እንኳ አልጠበቅኩም፤ በር ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ማራገቢያ፣ ኪቦርድ፣ ማጠፊያ። ላፕቶፕ የሌለው መለዋወጫ የሚልክ ወንድም ያለኝ በዚህ ሰፈር እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ «ይሄ የምኑ ነው?» አለችኝ። «የሚመጣ አለ» ብዬ ጻፍኩላት። ሦስቱንም ከነወረቀታቸው መደርደሪያው ላይ፣ ከሰዓቱ አጠገብ አሰለፍኳቸው። ከአልጋዬ ሆኜ የእጅ ጽሑፍህ ይታየኛል፤ «ለስምንተኛው ዓመት» ይላል። እንደ ድሮህ «ዓ»ን ከሁሉም አስበልጠህ ነው የጻፍካት።

ስለ ድምፄ ብዙ አትጠይቀኝ። ደህና ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ባለሙያዋ ጋ እሄዳለሁ፤ ምን እንደምንሠራ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ሾርባ በዝቶብኛል፣ ትንሽ ከስቻለሁ፣ ቀሚሶቼ በሙሉ እንደገና ይገቡኛል። ልጄ ቀናችብኝ።

በጎ ፈቃደኛውን አታስጨንቀው። ለሰው ብሎ የሚሠራ ሰው ነው።

ስልክ፣ እሺ፤ አንድ ቀን እደውላለሁ። ቃል እገባልሃለሁ። ስደውል ግን ታገሠኝ።

እህትህ


የካቲት 14

ለጩጬዬ፦

ሠራ። ትናንት አዲሱ እትም ወጣ፤ ዛሬ ጠዋት ጫንኩት። ማይክሮፎኑ አይንጫጫም። ክዳኑን ሃያ ጊዜ ዘግቼ ሃያ ጊዜ ከፈትኩት፤ ሃያውንም ጊዜ ድምፁ አለ። በጎ ፈቃደኛውን አመስግኜ ጻፍኩለት። በሕይወቴ ያለ ቅሬታ የጻፍኩት ደብዳቤ ይህ ሁለተኛው መሆን አለበት።

የፊታችን ሰኞ አሽጌ እልከዋለሁ። በደረሰሽ ማግስት ጀምሪ። ለቀረጻ መጋረጃ ያለው ክፍል ምረጪ፣ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ራቂ። በቀን አርባ ዓረፍተ ነገር ብትቀርጪ በአንድ ወር ውስጥ ይጠናቀቃል። አየሽ፣ ትንሽ ትዕግሥት ነበር የሚያስፈልገው።

እደውላለሁ ብለሽ አልደወልሽም። ስልኬን ከጎኔ አልለይም፤ ሲጮህም አንቺ መስለሽኝ እዘልላለሁ። በእሱም ምክንያት ረቡዕ ዕለት ተታለልኩ። ጮኸ፣ አነሳሁ፣ መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከቆርቆሮ የተሠራች የምትመስል ሴትዮ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። ማስታወቂያ መሆን አለበት፤ ኢንሹራንስ ወይም ሎተሪ። አሁን ደግሞ ጋሼ ማለት ተምረውልናል። «ከቆርቆሮ ጋር አላወራም» አልኩና ዘጋሁባት። ደግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው እናት ያለው አይመስለኝም።

ደውዪልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 23

ጋሼ፦

የቆርቆሮዋ ሴትዮ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍል እንደሌለህ ስለማውቅ ነው ያን ሰዓት የመረጥኩት። የደወልኩት በባለሙያዋ ስልክ ስለሆነ ቁጥሩን አላወቅከውም። ግራጫውን ባለሙያዋ ሰጥታኛለች፤ አሁን የእኔ ነው። ውስጡ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ የሦስት የማላውቃቸው ሴቶች ድምፅ አለ፤ ከሦስቱ የተሻለችው አንተ የሰማሃት ናት። የምልህን ጠዋቱን ሙሉ ስጽፍ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አትደንግጥ፣ ጩጬ ነኝ» ብላ እንድትጀምር አድርጌ ነበር። እስከ «ጋሼ» ድረስ ብቻ ጠበቅካት።

አልተቀየምኩህም። እኔም ብሆን እዘጋባት ነበር።

ላፕቶፑን አትላከው። ልንገርህና ይውጣልኝ። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ድምፄ ለሰው የሚገባ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ያንተን ቃል አፍርሼ ባለሙያዋ ጋ መቅረጽ ጀመርኩ። ጠዋት፣ ከእንቅልፌ እንደነቃሁ፣ አንዳንዱ ይጠራልኛል፤ ከሦስት አራት ዓረፍተ ነገር በኋላ ምላሴ ይተኛል። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶው ስልሳ አንዱ ንጹሕ ወጣ። ከስልሳ አንድ ድምፅ አይሠራም። በጥቅምት ብንጀምር ይበቃን ነበር። ባለሙያዋ ይህን በአፏ አላለችም።

እሺ ያልኩህ እኔ ነኝ። ለምን እንዳልኩ ታውቅ ዘንድ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ያልጻፈውን በቃሉ ነግሮኝ ነበር። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት። ከምላስ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ከእጅ ወደ ትንፋሽ። ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ከዚያ ሃያ ዓመት የሚለው ደብዳቤህ መጣ። አስልቼዋለሁ ብለህ ነበር፤ አንተ ደግሞ ስሌት ተሳስተህ አታውቅም። እያወቅኩም አመንኩህ። እውነቱን ብነግርህ ዓመቶቼን መልሰህ የምትወስድብኝ መሰለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ማንም አልሰጠኝም፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ማጠፊያው ከመደርደሪያው ያልወረደው።

የሬሳ ሣጥን አናጢ ያልከው ሰው ባትሪውን በደንብ አጣብቆታል። ከእኔ በላይ ይቆያል።

ስልሳ አንዱን አልጣልናቸውም። የክፍት ፕሮግራም ጥቅሙ ይህ ነው፤ የቀረጽኩት የራሴ ነው፣ ልጄ ወደ ስልኳ ገልብጣዋለች። ጠዋት ጠዋት አንዱን ትከፍታለች። «ዝናቡ ቆሟል፣ ልብሱን አውጡት» እላታለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «እሺ እማዬ» ትልና ወደ በሩ ትሄዳለች።

እንደገና ልደውል እፈልጋለሁ። መቼ ይመችሃል?

እህትህ


የካቲት 29

ለጩጬዬ፦

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፤ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

የምጽፋቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ግልባጭ እንደማስቀር ታውቂያለሽ። የኅዳር ስምንቱን አውጥቼ አነበብኩት። በቀይ እስክሪብቶ አነበብኩት፤ የተማሪ ወረቀት እንደማርም። ስህተት ፈለግኩበት። ሁለት ማሽን ሁለት ክፍል ማለት እውነት ነው። ስፌቱ መሰማቱም እውነት ነው። አንድም የሚታረም ቃል የለበትም። ተማሪ ቢያመጣልኝ አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር። ያ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ የምጠይቅበት ቦታ አገኝ ነበር።

ሐኪሙ የጻፈልሽን ሦስት ጊዜ ያነበብኩ ሰው አንቺ የጻፍሽልኝን «ለሚያስፈልገኝ ጊዜ» አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አላነበብኩም። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚህ ነው።

ላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትናንት ማይክሮፎኑን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ «አጎቴ ሁለት ባልዲ ገዛ» ብዬ ቀረጽኩና መልሼ ሰማሁት። ከኋላው ምንም ድምፅ የለም። የወንበሬ መንቀሳቀስ እንኳ አይሰማም። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ቀረጻ ሰምቼ አላውቅም። አጥፍቼ በጨርቁ ሸፈንኩት።

መለዋወጫዎቹን ከመደርደሪያው አታውርጂ። የሰጠሁሽን አልወስድም። ማራገቢያውን ለመቀየር በሦስተኛው ዓመት እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ እሱን አልጠብቅም። ፈተና አርሜ ውጤት ያስረከብኩ ዕለት እነሣለሁ። ካቻቢቴ አልይዝም።

ከዚያ በፊት ግን እሑድ በአሥር ሰዓት ደውዪልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በዚያችው ሴትዮ ድምፅ ይሁን። ስለ ዝናቡም ይሁን፣ ስለ ባልዲውም ይሁን። ጽፈሽ እስክትጨርሺ የፈለገውን ያህል ዝም ቢል አልዘጋም።

ማነው ብዬም አልጠይቅም።

ወንድምሽ